ባዶ እጅህን ና

ውብሸት የምሥራቹን ኢሜይል አንብቦ ሲጨርስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ነበር። ደስ ያለው ሰው እንዲህ አያደርግም። ደስ ያለው ሰው ወይ ስልክ ያነሳል፣ ወይ ይጮኻል፣ ሌላው ቢቀር ፍሪጅ ከፍቶ አንድ ነገር ይጎርሳል። እሱ ግን ሥዕሉን አዞረና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

ኢሜይሉ የመጣው ከሰሜን ካሊፎርኒያ ነው። እዚያ፣ ከውቅያኖሱ ጠርዝ፣ ገደል ላይ የተሠራ አንድ የእንጨት ቤት አለ። ቤቱ በየወሩ አንድ ሠዓሊ እየጠራ ያኖራል፤ መኝታው፣ ምግቡ፣ የመሣያ ክፍሉ ሁሉ በነጻ ነው። ከሠዓሊው የሚጠበቀው መሣልና በወሩ መጨረሻ የሠራውን ለሕዝብ ማሳየት ብቻ ነው። ውብሸት ማመልከቻውን የላከው "መቼም አይደርሰኝም" እያለ ነበር። ዲቪ ሲሞላም እንዲሁ ብሎ ነበር። ይህ ሰው አይደርሰኝም ያለው ነገር ሁሉ ይደርሰዋል።

አሁን ያዞረውና ፎቶውን ከማመልከቻው ጋር የላከው ሥዕል አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትና አንድ ኮት ነው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወንበር ፊት ተቀምጠዋል። ወንበሩ የወንድ ኮት ለብሷል፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ትከሻው ላይ ወርቃማ ክር ያለበት፣ ቁልፎቹ እስከ አንገት ድረስ የተቆለፉ። ሴትዮዋ ጣታቸውን ቀስረው ኮቱን ይቆጡታል። ዳኞቹ ሥዕሉን ደግመው ደጋግመው አዩት ይላል ኢሜይሉ። ሴትዮዋ እትዬ ሸዋዬ ናቸው። እትዬ ሸዋዬ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥዕል በዓለም ላይ መኖሩን አያውቁም።

ነገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ውብሸት ላስ ቬጋስ እንደገባ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣው የሥዕል ዲፕሎማ ገና ከሻንጣው ሳይወጣ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና እየተቀበለ ፓርክ የሚያደርግ ሠራተኛ ሆነ። ሥራውን ያስገቡት ጋሽ ገብረጻድቅ ነበሩ። ጋሽ ገብረጻድቅ የዚያው ሆቴል በር ከፋች ናቸው፤ ያ ወይን ጠጅ ኮት የሥራ ልብሳቸው ነው። በሐምሌ ሐሩር፣ አስፋልቱ ጫማ ሲያቀልጥ፣ እሳቸው እስከ አንገታቸው ቆልፈውት ይቆማሉ። ቲፕ ሲሰጡህ እጅህን አትይ፣ ዓይናቸውን እይ ብለው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዴይ ኦፋቸው በገጠመ ቁጥር ሄንደርሰን ወዳለው ቤታቸው ይወስዱትና ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዬ እስኪያልበው ያበሉታል። እምቢ ቢልም አይሰሙትም። ሦስት ጉርሻ በግድ ነው፤ አራተኛው ሲመጣ ጋሽ ገብረጻድቅ "ሸዋዬ፣ ልጁ መኪና ሊነዳ ነው፣ ተይው" ይላሉ።

በ2020 ወረርሽኙ መጣና ከተማው ተዘጋ። ከተሠሩ ጀምሮ ቁልፍ አይተው የማያውቁ የካዚኖ በሮች በሰንሰለት ታሠሩ። በር ከፋቹም፣ መኪና አቋሚውም ቤታቸው ገቡ። ማቲዎስ የሚባል ታክሲ ነጂ ጓደኛው፣ በከተማው ሰሜን ጫፍ አሊያንቴ ካለው ቤቱ ጋራዡን ለቀቀለትና ውብሸት እዚያው ይተኛ፣ እዚያው ይሥል ጀመር። ማቲዎስ የዕድሩም ሊቀመንበር ነው። ሰው ለቅሶ ቤት መሄድ ሲከለከል ዕድሩ ለቅሶውን በዙም አደረገው፤ የሚመራው ሰው ሲታጣ ማቲዎስ "አንተ መቼስ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ አይሰለችህም" ብሎ ውብሸትን ሾመው። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ሊንኩን የሚልከው፣ ማይኩን ረስቶ ከልጁ ጋር የሚጨቃጨቀውን ሚውት የሚያደርገው፣ ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን ስብሰባውን የሚዘጋው ውብሸት ሆነ።

በዲሴምበር ጋሽ ገብረጻድቅ ራሳቸው አረፉ። እትዬ ሸዋዬ የተሰናበቷቸው አንዲት ነርስ በያዘችላቸው ስልክ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ሮሐ ሚኒሶታ ናት፤ እሷም በበሽታው ተይዛ ተኝታ ስለነበር መምጣት አልቻለችም። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ተራርቆ ቆመ፤ ማንም እጃቸውን አልያዘም። ለቅሶው እሑድ ከሰዓት በኋላ በዙም ሆነ።

ብዙ ሰው ገባ። ቄሱ ጸለዩ፣ ማቲዎስ የሟችን ደግነት ተናገረ፣ ሰዉም ተራ በተራ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" እያለ ወጣ። ስክሪኑ ላይ የነበሩት ፊቶች አንድ በአንድ ጠፍተው በመጨረሻ እትዬ ሸዋዬ ብቻቸውን ቀሩ። ታብሌታቸውን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው የምግብ ጠረጴዛው ላይ አቁመውታል። የውብሸት ካሜራ ዝግ ነው፤ ጥቁር መደብ ላይ ስሙ ብቻ ይታያል። መዝጊያውን ሊጫን እጁን ሰደደ።

በዚያው ቅጽበት እትዬ ሸዋዬ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና የባላቸውን ኮት ይዘው ተመለሱ። ለወንበሩ አለበሱት። ኮሌታውን አስተካከሉ፣ ቁልፎቹን ከታች ጀምረው ቆለፉ፣ ትከሻው ላይ ያለውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያም ፊት ለፊቱ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይወቅሱት ጀመር። "ላገር ሁሉ በር ስትከፍት ኖረህ፣ የኔን ዘግተህብኝ ሄድክ?" አሉት። ጣታቸውን እየቀሰሩ፣ መሐል ላይ ደረታቸውን እየመቱ፣ የአርባ ዓመቱን ትዳር ከኮቱ ጋር ተነጋገሩት።

መዝጊያው ከጣቱ ሥር ነበር። ውብሸት አልተጫነውም። እጁ ወደ እርሳሱ ሄደ። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን ሠዓሊ የሚሉት ፍጥረት አንዳንዴ እንዲህ ነው፣ የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል ውሃ ከማምጣቱ በፊት የነበልባሉን ቀለም ይመረምራል። ሣለ። ወረቀት እየለወጠ፣ ሴትዮዋ እንዳይነሡበት እየሰጋ ሣለ። ዓይኑ ደረቅ ነበር። እትዬ ሸዋዬ ሲበቃቸው ኮቱን አቅፈው ከክፍሉ ወጡ፤ ያኔ ብቻ ዘጋው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በማግሥቱ ወረቀቶቹን ሊቀዳድዳቸው አስቦ እጁ እምቢ አለው፤ ሰንበት ብሎ ሸራ ወጠረ።

አሁን እንግዲህ ያ ሸራ ባሕር ዳርቻ አስጠራው። ማቲዎስ ወሬውን ሲሰማ ለራሱ የደረሰው ያህል ፈነጠዘና የዕድሩ ግሩፕ ላይ "ልጃችን ውቅያኖስ ሊሥል ተጠራ" ብሎ ለጠፈ። እንኳን ደስ ያለህ የሚለው መልእክት ሲዘንብ ዋለ። ውብሸት ለእያንዳንዱ "አሜን" እያለ ይመልስ ነበር።

ሊሄድ ሰሞን እትዬ ሸዋዬ ከሄንደርሰን አሊያንቴ ድረስ መኪናቸውን ነድተው መጡ። ፍሪዌይ ስለሚፈሩ ከተማውን በሙሉ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ በየመብራቱ እየቆሙ ነው ያቋረጡት። ጋራዡ በር ላይ ማስካቸውን ሳያወልቁ ቆመው አንድ ትልቅ ክዳን ያለው ዕቃ አቀበሉት። ውስጡ ድርቆሽ፣ ቆሎና በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ ነበር። ፈረንጆቹ ዓሣ ብቻ እንደሚያበሉት፣ ዓሣም በጨው ብቻ እንደሚሠሩት ነገሩት። ከዚያ በትከሻው በኩል ወደ ውስጥ አዩ።

"ፊቱን ያዞረው ምንድነው? እስቲ ሥራህን ልየው" አሉ።

አልደረቀም አላቸው። ሥዕሉ ከደረቀ ሰንብቷል። እትዬ ሸዋዬ አላስጨነቁትም። ሊሄዱ ሲሉ ግን መኪናቸውን ከፍተው ቆም አሉና፣ ያደረገላቸውን እንደማይረሱ፣ እሱንም የሚያውቁት እሱና እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ተናገሩ። ውብሸት ያን እሑድ ያወቁበት መሰለው። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ብዙ አሰበበት። መንገድ ሲዘጋጋ አስቤዛ ገዝቶላቸው ደጃፋቸው ላይ አስቀምጦ ያውቃል፤ ያንን ማለታቸው ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ለማሳመን ሲፈልግ ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

በኤፕሪል የጋሽ ገብረጻድቅ ዕድሜ የሚያህል መኪናውን እየነዳ፣ መንገድ ላይ አንድ ቀን አድሮ ባሕሩ ጋ ደረሰ። ሊንዳ የምትባል የቤቱ ኃላፊ ከሩቅ እጇን አውለብልባ ተቀበለችው፣ የመሣያ ክፍሉን አሳየችው። ክፍሉ ወለል ያለ ነው፤ አንዱ ግድግዳ በሙሉ መስታወት ሆኖ ከሥሩ ውቅያኖሱ ይታያል። ከጠረጴዛው በላይ፣ በአክብሮት፣ የሴትዮዋና የኮቱ ሥዕል ፎቶ ተሰቅሏል። ሊንዳ ደስ የሚለው መስሏት ነበር። ያን ቀን ማታ ፎቶውን አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ፎቶው ግን በመሳቢያው በኩል ያየው ጀመር።

ባሕሩ እንደ ሰው አያርፍም። ጠዋት ጭጋግ ለብሶ ይመጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ጭጋጉን ጥሎ ያበራል፣ ማታ ድንጋዩን ይደበድባል። ከቬጋስ ደረቅ አየር ለመጣ ሰው ቆዳው እንኳ ግራ ይገባዋል። ውብሸት ጠዋት ጠዋት በገደሉ ጫፍ ባለው ቀጭን መንገድ ይወርድና ማዕበሉ የተፋውን ጥቁር አረንጓዴ የባሕር ሣር እየረገጠ ይመለከታል፤ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ይሥላል፤ ከሰዓት በኋላ የሣለውን ይጠርጋል። ውሃው ሸራው ላይ ሲመጣ የጎመን ወጥ ይመስላል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ባሕሩን ትቶ ድንጋይ መሣል ጀመረ። ድንጋዮቹ ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ሆኑበት።

ረሃብ ሲጠናበት የእትዬ ሸዋዬን ድርቆሽ በውሃ ያርሳል። ጥሩ ድርቆሽ ነው፤ በርበሬው ሽታው ክፍሉን ይሞላል። ግን አይወርድለትም። በሕይወቱ ሰርቆ አያውቅም፤ የሰው መኪና ውስጥ ገንዘብ ተዝረክርኮ ሲያገኝ እንኳ ወደ መሳቢያው የሚመልስ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሌብነት ግን ሰው ሳያውቀው የሚገባበት ነው። በሐዘናቸው ገብቶ፣ ዘርፎ፣ በዘረፈው ባሕር ዳርቻ ተንፈላስሶ፣ በላዩ ላይ የገዛ እጃቸውን ቆሎ ይቆረጥማል። ራሱን ጠላ። ጠልቶትም ይበላ ነበር፤ ሆድ ይሉኝታ የለውም።

እሑድ እሑድ እትዬ ሸዋዬ ይደውላሉ። ስለ ጤናው፣ ስለ ምግቡ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ የባሕሩን ድምፅ አሰማኝ ይሉታል። ስልኩን በመስኮቱ ያወጣላቸዋል። አንድ ቃል ሳይናገሩ ይሰማሉ። አንድ እሑድ ሰምተው ሲያበቁ፣ ጋሽ ገብረጻድቅ ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባሕር አሳይሻለሁ ይሏቸው እንደነበር አጫወቱት። አሁንማ ባሕሩን በውቤ ጆሮ ሰማሁት ብለው ሳቁ። ውብሸት ስልኩን ሲዘጋ መሬት ብትሰነጠቅ ደስ ይለው ነበር።

የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ሊንዳ በደስታ መጣች። በወረርሽኙ ምክንያት እንግዳ ስለማይገባ የሥዕል ማሳያው ቀን በዙም ይሆናል አለችው። የጥሪውን ወረቀትም አሳየችው። ከላይ እስከ ታች እትዬ ሸዋዬና ኮቱ ናቸው። ሌላ ሥዕል ይሁን ብሎ ለመናት። ሊንዳ አልገባትም፤ የመረጥንህ እኮ በዚህ ሥዕል ነው አለች። ወዲያው ማቲዎስ ደወለ። ሊንኩን ለዕድሩ ሁሉ ሼር እንደሚያደርግ፣ ሰው ከአሁኑ በጉጉት እንደሚጠብቅ ነገረው።

"እትዬ ሸዋዬማ ታብሌታቸውን ቻርጅ አድርገው ጨርሰዋል" አለው፤ "ፊት ወንበር ካልያዝኩ ብለዋል።"

ያን ዕለት ውብሸት ገደሉ ጫፍ ላይ ብዙ ተንከራተተ። ታመምኩ ብሎ ቢያሳብብስ? ኢንተርኔት ተበላሸ ቢልስ? ሁሉንም አሰበው። ውሎ አድሮ ማቲዎስ ጥሪውን ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል፤ እትዬ ሸዋዬም ራሳቸውን፣ ኮቱንና የዚያን እሑድ ከሰዓት ከሰው ሁሉ ጋር እኩል ያዩታል። ከሰው ጋር ከሚያዩት ብቻቸውን ቢሰሙት ይሻላል። በማግሥቱ ጠዋት ደወለላቸው።

ደህና አደሩ እንኳ በቅጡ ሳይል ገባበት። "እትዬ፣ ጋሼ ያረፉ ጊዜ፣ የዙሙ ለቅሶ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወጣ፤ እኔ ግን አልወጣሁም ነበር።"

"ለቀባሪው አረዱት አሉ!" አሉ እትዬ ሸዋዬ። "እሱን መች አጣሁት? ስምህ እኮ እዚያው ጥቁሩ ላይ ነበር።"

ይህን ቀን ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ቀጠሉ። ሰው ሲያልቅ፣ ፊቱ ሁሉ ሲጠፋ፣ አንድ ስም ሲቀር አይተዋል። ጎረቤት በሩን አልገፋ፣ ልጃቸው አልደረሰች፤ ይህ ልጅ ግን ለቅሶ ቤት ብቻዋን አልተዋትም ብሎ ቀረ አሉ በልባቸው። ካሜራውን የዘጋውም እንባውን ላለማሳየት ነው አሉ። ያደረግህልኝን አልረሳም ያሉትም ይህንኑ ነው።

"ሰው በሌለበት ማን ያለቅሳል ውቤ? ብቻዬን ብሆን ኮቱንም አላወጣው፣ ቃልም አይወጣኝ። አንድ ሰው አብሮኝ አለ ብዬ ነው የወጣልኝ። አንተ ባትኖር ኖሮ ታንቄ እሞት ነበር።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። "ምን አደረግኩ እትዬ" ማለት ይቻል ነበር። ለአፍታ ያህልም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈልጎት ነበር፤ ምስጋናቸው እንደ ጋቢ ሞቆታል። ግን የሰው ጋቢ እስከ መቼ ይሞቃል።

"አላለቀስኩም" አላቸው። "እየሣልኩዎት ነበር። እርስዎንም ኮቱንም። እዚህ ያመጣኝ እሱ ሥዕል ነው።"

እትዬ ሸዋዬ በዚያኛው ጫፍ ባሕሩን ሳይሰሙት አልቀሩም።

"ምንም አላለቀስክ?" አሉ በመጨረሻ።

"ምንም።"

"እንግዲያው ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ስድብ ቢያወርዱበት ይችለው ነበር። እርግማንም ቢሆን ይችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለውም። የሆነ ነገር እንደሰረቀ ያውቅ ነበር፤ የሰረቀው ግን መልካቸውን ይመስለው ነበር እንጂ፣ ለአራት ወር ሲጽናኑበት የኖሩትን አንድ ሰው አብሮኝ ነበር የሚለውን ነገር አልመሰለውም። አሁን እሱንም ወሰደባቸው። ሁለተኛው ሌብነት ከመጀመሪያው ባሰ፣ እሱንም የፈጸመው እውነት በመናገር ነው። መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሊንዳ ቡና ልስጥህ ብላ ብታንኳኳም አልከፈተላትም።

ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ጥሪው ላይ ያለው ሥዕል ካልተነሣ ዛሬውኑ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ አላት። ሊንዳ ደንግጣ የሌላ ሰው ሥራ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ያየሁት ግን የማየው አልነበረም አላት። ገባትም አልገባትም፣ አነሣችው። በማሳያው ቀን ለሕዝብ ያሳየው የጎመን ወጥ የመሰሉትን ባሕሮች ነው። የዕድሩ ሰው አጨበጨበ፤ ማቲዎስ "ትንሽ አረንጓዴ አልበዛበትም?" ብሎ አሳቀ። ሊንዳ አልሳቀችም፤ ሌላ ዓመት ሊጠሩት እንደማይችሉ ከፊቷ ይነበባል። ውብሸት ስሞቹን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየ። እትዬ ሸዋዬ አልገቡም።

ቬጋስ በገባ ማግሥት ሥዕሉን በአንሶላ ጠቅልሎ፣ የድርቆሹን ዕቃ አጥቦ፣ ባዶ ዕቃ አይመለስምና ብርቱካን ሞልቶበት ሄንደርሰን ሄደ። እትዬ ሸዋዬ በሩን ከፍተው ግባ አላሉትም፣ ሂድም አላሉትም። ዕቃውን ተቀበሉ። አንሶላውን ሲገልጠው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ራሳቸውን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው የኮቱን ኮሌታ በጣታቸው ነኩ፤ ቀለም መሆኑን ሲያውቁ እጃቸውን መለሱ።

"ጋራዡ ውስጥ ፊቱን አዙሮ የነበረው ይኼ ነው?"

"አዎ። ለእርስዎ ነው ያመጣሁት። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ።"

እትዬ ሸዋዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ከተቀበልኩህ ለአንተ ይቀልሃል። አልቀበልህም። አታቃጥለው፣ አትሽጠው። ቤትህ ስቀለው፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳ እንዳታዞር።" በሩን ገፋ ሊያደርጉት ሲሉ ደግሞ ቆሙ። "በሙት ዓመቱ ና። ባዶ እጅህን ና። ውሃም አታምጣ፣ እርሳስም አታምጣ፤ ባዶ እጅህን።"

ያን በጋና መኸር ሥዕሉ ጋራዡ ውስጥ፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ተሰቅሎ ኖረ። ሆቴሉ ተከፍቶ ውብሸት ወደ መኪናው ሥራ ተመለሰ፤ በሩ ላይ ያንኑ የመሰለ ኮት የለበሰ ሌላ ሰው ቆሟል። ኦቨርታይም ሠርቶ ደክሞት ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበሉት እትዬ ሸዋዬ ናቸው፣ ጣታቸውን ቀስረው። ማቲዎስ አንድ ቀን ሥዕሉን አይቶ ማን መሆናቸውን ሲያውቅ ተገረመ፣ ውብሸትም ነገሩን ሁሉ ነገረው። ማቲዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው አጣ።

ዲሴምበር ሲደርስ ሰው እንደገና ሰው ቤት መግባት ጀምሮ ነበር። የሙት ዓመቱ ዕለት ውብሸት ወደ ሄንደርሰን ሲሄድ እንደ ለቅሶ ቤት ልማድ መደብር ቆመና አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክሞ እስከ ከፋዩ ሰልፍ ደረሰ። እዚያ ትዝ አለው። ካርቶኑን ወደ ቦታው መለሰ። ኪሱን ሲፈትሽ አንዲት አጭር እርሳስ አገኘ፤ እሷንም መኪናው ውስጥ ተዋት። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ መግባት እንዲህ ራቁት እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ካርቶን ውሃ ተሸክሞ ሲገባ እሱ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ በሰዉ መሐል ተሹለከለከ። ሮሐ ከሚኒሶታ መጥታ ታስተናግዳለች፤ የእሱን እጅ አየች፣ ከዚያ እናቷን አየች።

ጸሎት ተደረገ፣ ምግብ ተበላ፣ ሰው ቀስ በቀስ "ነፍስ ይማር" እያለ ተሰናበተ። ሮሐ የመጨረሻዎቹን ልትሸኝ ወጣች። ውብሸት ሲነሣ እትዬ ሸዋዬ በዓይናቸው አስቀመጡት። ወደ ውስጥ ገብተው ኮቱን አመጡና ለወንበሩ አለበሱት። ኮሌታውን አስተካከሉ፣ ቁልፎቹን ከታች ጀምረው ቆለፉ። ከዚያ ጀርባቸውን ለውብሸት ሰጥተው፣ ፊታቸውን ለኮቱ አድርገው ተቀመጡ።

አንድ ዓመት ሙሉ የሆነውን ይነግሩት ጀመር። የመኪናው ኢንሹራንስ እንዴት እንዳስቸገራቸው፣ ሮሐ እንደከሳች፣ ባሕሩን በስልክ እንደሰሙት። የውብሸት እጅ በልማዱ ወደ ኪሱ ሄዶ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። የሚከተለው መስመር አልነበረም፣ የሚይዘው ጥላ አልነበረም፤ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፣ ትከሻዋ ከሥዕሉ ይልቅ በጣም ትንሽ። ወንበሩ የለበሰው ኮት ደግሞ፣ አሁን ገና አየው፣ ክርኑ ላይ ሳስቷል። አሥራ አንድ ዓመት በር የገፋ ክርን ነው። ጋሽ ገብረጻድቅ ሞተዋል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ነበረበት።

እትዬ ሸዋዬ መሐል ላይ ዝም አሉ። አልዞሩም።

"አለህ?" አሉ።

ውብሸት ወደ ፊት ጠጋ አለ።

"አለሁ፣ እትዬ" አላቸው።

እሳቸውም ካቆሙበት ቀጠሉ።